«ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጉልን!» ኳስ፣ ሙዚቃ፣ ፀጥ ያለ ቤት እና ጆሯችን

 

ዛሬ የማነሳላችሁ ነገር ብዙዎቻችን እንደ ጤና ጉዳይ የማንቆጥረው ነው። ቅዳሜ ማታ ከጓደኛ ጋር ልናወራ ግሮሰሪ እንገባለን። ግድግዳው ላይ ሁለት ቴሌቪዥን ኳስ ያሳያል፣ ጥጉ ላይ ያለው ስፒከር ደግሞ ሌላ ዘፈን ይለቃል። «ምን አልክ?» «አልሰማሁህም!» ስንባባል እናመሻለን። ድምፃችን ተዘግቶ፣ ጆሯችን እየጮኸ ወደ ቤት እንገባለን። ስለ እናቱ ሕመም፣ ስለ ሥራው ልንጠይቀው የነበረውን ጓደኛችንን ግን ምንም ሳንጠይቀው ተለያየን።

እስቲ የራሴን ልንገራችሁ።

አምስት የድሮ ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝባት አንዲት ግሮሰሪ ነበረችን። ከመሃላችን አንዱ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እሱ ካለ ሳቅ አለ። ታዲያ ይሄ ሰው ቀስ በቀስ ዝምተኛ ሆነ። እኛ ስንስቅ እሱ ዘግይቶ ይስቃል። አንድ ነገር ስትጠይቀው ሌላ ይመልሳል። ከዚያ መቅረት ጀመረ። «ሥራ በዝቶበት ነው»፣ «ተቀይሞን ነው»፣ «ኮራብን መሰለኝ» እየተባባልን ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ቢሮው ሄድኩ። ሁለታችን ብቻ ቁጭ ብለን ስናወራ እንደ ድሮው ነው፤ ይጫወታል፣ ያስቃል። «ለምን ጠፋህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እውነቱን ልንገርህ? እዚያ ቤት ምን እንደምታወሩ አልሰማም። ሁልጊዜ ‹ምን አላችሁ?› ማለቱ አሳፈረኝ» አለኝ።

እኔ ሐኪም ነኝ። ስንቱን ሰው «ጆሮህን ተመርመር» እላለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠውን ጓደኛዬን ግን ኮርቷል ብዬ ነበር። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

🔹 ጆሯችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ድምፅ ማለት የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ የጆሮ ታምቡርን ይመታል፤ ታምቡሩ ሦስት ትናንሽ አጥንቶችን ያንቀሳቅሳል፤ አጥንቶቹ ደግሞ ንዝረቱን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያስተላልፋሉ። እዚያ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ በፈሳሽ የተሞላ ክፍል አለ፤ ኮክሊያ ይባላል። ውስጡ በጣም ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ቀይረው ወደ አንጎል የሚልኩት እነሱ ናቸው።

በአንድ ጆሮ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሴሎች ወደ 15,000 ገደማ ቢሆኑ ነው። ለዓይን ወይም ለቆዳ ካለን ሴል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ዋናው ነገር ደግሞ፣ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሳር ላይ አንድ ሰው ቢራመድ ሳሩ ይተኛል፣ ከዚያ ይነሳል። ሁሉም ሰው በየቀኑ በዚያው መንገድ ቢያልፍበት ግን ሳሩ ደርቆ ባዶ መሬት ይቀራል። ከጩኸት ቤት ስትወጡ ጆሯችሁ እንደ ታፈነ ሆኖ የሚሰማችሁ፣ «ጭ…ው» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ሳሩ ስለተኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። በየሳምንቱ ሲደጋገም ግን የማይመለስበት ቀን ይመጣል።

«ተመለሰልኝ» ማለት ደግሞ ምንም አልተጎዳም ማለት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ የተሠራ ታዋቂ ጥናት አለ። ከከፍተኛ ጩኸት በኋላ የአይጦቹ የመስማት መጠን ተመለሰ፤ ሴሎቹም አልሞቱም። ሴሎቹን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መገናኛዎች ግን በብዛት ጠፍተው ተገኙ። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ አሁንም እየተጠና ነው። ቢሆንም ጥንቃቄን የሚያስተምር ነገር ነው።

🔹 ምን ያህል ድምፅ፣ ለስንት ሰዓት?

የድምፅ ከፍታ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ተቀራርበው በመደበኛ ሁኔታ ሲያወሩ ወደ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይቆጠርም። 3 ዴሲቤል ብቻ ሲጨምር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጆሯችን የሚችለው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የሳምንት ልክ እንዲህ ነው፦

✔️ 80 ዴሲቤል ➡ በሳምንት 40 ሰዓት
✔️ 85 ዴሲቤል ➡ በሳምንት 12 ሰዓት ተኩል
✔️ 90 ዴሲቤል ➡ በሳምንት 4 ሰዓት
✔️ 95 ዴሲቤል ➡ በሳምንት 1 ሰዓት ከሩብ
✔️ 100 ዴሲቤል ➡ በሳምንት 20 ደቂቃ

ልብ በሉ፣ በቀን አይደለም፤ በሳምንት ነው!

አሁን ይህን ወደ ኳስ ቤት እንውሰደው። በእንግሊዝ የክረምት ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ከቀኑ 9:30፣ ከምሽቱ 12:00 እና ከምሽቱ 2:30 ላይ ይጀምራሉ። ሦስቱንም ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ለጨዋታ ብቻ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ጩኸት ውስጥ ቆየ። የኮሜንታተሩ ድምፅ በትልቅ ስፒከር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መቶ ሰው፣ በየደቂቃው «ኧረረረ!» የሚል ሕዝብ… እንዲህ ያለ ቤት በአማካይ 90 ዴሲቤል ከደረሰ፣ የሳምንቱን ድርሻ ሦስተኛው ጨዋታ ሳያልቅ ጨርሰነዋል። እሑድ ገና አልመጣም። በሥራ ቀን በኢርፎን የምንሰማውም አልተቆጠረም።

እናንተ የምትሄዱበት ቤት ስንት ዴሲቤል እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። እናንተ ግን ማወቅ ትችላላችሁ፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

🔹 «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም»

ይህን ቃል ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ሰው ያሾፈ ይመስላል፣ ግን ትክክለኛ ምልክት ነው።

ንግግር ውስጥ ጉልበት ያላቸው አናባቢዎቹ ናቸው፤ «ኣ»፣ «ኦ»፣ «ኡ» ከሩቅ ይሰማሉ። ቃሉን ከቃል የሚለዩት ግን እንደ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ጠ»፣ «ከ» ያሉት ተነባቢዎች ናቸው። እነዚህ ደግሞ ደካማና ቀጭን ድምፆች ናቸው። እስቲ እነዚህን ሦስት ቃላት ተመልከቱ፦ ሰፋ፣ ከፋ፣ ጠፋ። ልዩነታቸው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት። ጩኸት መሃል ያቺ ፊደል ከተዋጠች «ቤቱ ሰፋ» ያለህን ሰው «ቤቱ ጠፋ» ብለህ ልታዝንለት ነው!

በጩኸትም ሆነ በዕድሜ መስማት ሲደክም በብዛት ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው የቀጭን ድምፆች ክፍል ነው። ለዚህ ነው ሰውዬው ቤቱ ሆኖ በደንብ የሚሰማው፣ ግሮሰሪ ሲገባ ግን የሚጠፋበት። ጤነኛ አንጎል ከብዙ ድምፅ መሃል አንዱን መርጦ የመከተል ችሎታ አለው። ይህን ችሎታ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953 በሙከራ አጥንቶታል። መልእክቱ ከጆሮ ተቆራርጦ ሲመጣ ግን አንጎል የጎደለውን በግምት ለመሙላት ይደክማል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰውዬው ይዝላል፣ ዝም ይላል፣ ቀጥሎም ይቀራል።

ሠርግ ላይ ወይም ምሳ ግብዣ ላይ «ጋሼ፣ ተጫወቱ እንጂ! ምነው ዛሬ ዝም አሉ?» የምንላቸው አባቶች አሉ። ብዙዎቹ ያኮረፉ አይደሉም። ምን እየተባለ እንደሆነ ጠፍቷቸው ነው። የላንሴት የአእምሮ መርሳት ኮሚሽን የመስማት ችግርን ሊከላከሏቸው ከሚቻሉ የመርሳት በሽታ አጋላጭ ምክንያቶች መሃል ያስቀምጠዋል። አንዱ መንገድ ይኸው ከሰው መራቅ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰባል።

🔹 ሁላችንም ስለምንጮህ ቤቱ ይጮኻል

እ.ኤ.አ. በ1911 ኤትየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም አንድ ነገር ጻፈ፦ ሰው አካባቢው ሲጮህ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እስከ ዛሬ «የሎምባር ውጤት» ይባላል።

ግሮሰሪ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እዩት። ስፒከሩ ከፍ ይላል፤ የእኛ ጠረጴዛ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አጠገባችን ያሉት እኛን አልፈው ለመሰማት ይጮኻሉ። አስተናጋጁ ሙዚቃው እንዳልተሰማ አስቦ እንደገና ከፍ ያደርገዋል። ዙሩ ይቀጥላል። በማግስቱ ድምፃችን ይዘጋል፤ «ብርድ መታኝ» እንላለን። ጥፋቱ የብርድ ላይሆን ይችላል!

አዳዲሶቹ ካፌዎችና ባሮች ደግሞ ችግሩን ያባብሱታል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ጣሪያው ባዶ ኮንክሪት። ያምራል፤ ግን ድምፅ የሚውጥ ነገር የለም። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ የጨርቅ ወንበር ያለበት የድሮ ቤት ያን ያህል የማያስተጋባው ለዚህ ነው።

🔹 ጩኸትና ብርጭቆ

ይሄኛው ብዙዎቻችሁን ይገርማችኋል። ኒኮላ ጌገን የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ጥናት አወጡ። በምዕራብ ፈረንሳይ ሁለት ባሮች ውስጥ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ ሙዚቃውን አንዳንዴ በተለመደው 72 ዴሲቤል፣ አንዳንዴ በ88 ዴሲቤል አስደረጉ። ከዚያ ቢራ የሚጠጡ 40 ወጣት ወንዶችን ሳያውቁ ተመለከቱ። ሙዚቃው ከፍ ሲል ወጣቶቹ አንዱን ብርጭቆ ቶሎ ጨረሱ፤ በጠቅላላም ብዙ ጠጡ።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ 40 ሰው ብቻ፣ ሁሉም ወንዶች። ስለዚህ «ተረጋግጧል» ብዬ አልደመድምላችሁም። ምክንያቱ ግን ለማሰብ አይከብድም። ጩኸት ያነቃቃል፣ ያጣድፋል። ማውራት ካልተቻለ ደግሞ እጅ ወደ ብርጭቆ ይሄዳል። በአፋችን ወይ እናወራለን ወይ እንጠጣለን አይደል? መጠጥ ለመቀነስ ለወሰናችሁ ሰዎች ይሄ ቀላል ግን ጠቃሚ ምክር ነው፦ ወሬ የሚቻልበት ቤት ምረጡ።

🔹 ኳስና ልብ

ኳስ ስላነሳን የልብ ታማሚዎችን ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ በሙኒክና አካባቢዋ ሐኪሞች ድንገተኛ የልብ ሕመሞችን መዘገቡ። የጀርመን ቡድን በተጫወተባቸው ቀናት ቁጥሩ ከሌላው ጊዜ 2.66 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ፣ በተለይም ቀድሞ የልብ በሽታ የነበረባቸው ላይ በረታ። እዚህ ላይ ዋናው ተጠያቂ የስሜቱ ውጥረት ነው።

ስለዚህ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ደጋፊዎች፦ በጨዋታ ቀን መድኃኒታችሁን አትዝለሉ፣ በባዶ ሆድ አትጠጡ። ደረት ላይ መጨምደድ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ «ጨዋታው ይለቅና» ሳትሉ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።

🔹 ኳሱን የሰጡን እንግሊዞች ፀጥታ ፍለጋ ላይ ናቸው

ቅዳሜያችንን የያዘው ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ስካይ ቴሌቪዥን ጨዋታዎቹን በሳተላይት ማስተላለፍ ሲጀምር ብዙ የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች፣ ማለትም «ፐቦች»፣ ትልልቅ ስክሪን ሰቀሉ። ደጋፊ ስታዲየም መግባት ካልቻለ እዚያ ሆኖ ያያል። እኛ ዘንድ ያለው የዲኤስቲቪ ቤት ታሪክም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ለሁሉም ቤት የማይደርስ ነገር በጋራ ይታያል። ጥሩ ነገር ነው፤ ሰው ይሰበሰባል።

ነገር ግን እዚያው አገር የፀጥታ ናፍቆት ከቴሌቪዥኑ የቆየ ነው። ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በየካቲት 1946 ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ ላይ ስለሚወደው ፐብ ጻፈ። ስሙ «ጨረቃ ከውኃ በታች» እንደ ማለት ነው። የሚያመሰግነው ሁልጊዜ ለወሬ የሚበቃ ፀጥታ ስላለው፣ ሬዲዮም ፒያኖም ስለሌለው ነው። በመጨረሻ ግን «እንዲህ ያለ ቤት የለም፤ የምመኘው ነው» ብሎ አንባቢውን ያስደንቀዋል።

ቲም ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1979 ለንደን ውስጥ የጀመረው ዌዘርስፑን የተባለው የፐቦች ድርጅት ከዚያ ጽሑፍ ስም ወስዶ ለአንዳንድ ቤቶቹ ሰጥቷል። አብዛኞቹ ቤቶቹም ሙዚቃ የላቸውም። በዮርክሻየር ያለው የሳሙኤል ስሚዝ ቢራ ጠማቂ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ከፐቦቹ ሙዚቃን አስወጣ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይሠራሉ፤ ደንበኛም አላቸው። «ሙዚቃ ካጠፋሁ ሰው አይገባም» ለሚል ባለቤት ይህ መልስ ይመስለኛል። ለማውራት የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

🔹 ታዲያ ሙዚቃ ጠላት ነው እንዴ?

በፍጹም! እስቲ አዝማሪ ቤትን አስቡት። ማሲንቆው ሲነሳ ሁሉም ሰው ወደ አዝማሪው ይዞራል። ግጥም ይቀበላል፣ ይሰጣል፣ ይስቃል። ሲያርፍ ደግሞ ወሬ ይቀጥላል። ሙዚቃው የምሽቱ ጉዳይ ነው፤ ሰው የመጣው ለእሱ ነው። ደርቢ ለማየት ኳስ ቤት የገባ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ጩኸቱን ፈልጎት መጥቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ማንም የማያየው ቴሌቪዥንና ማንም የማይሰማው ሙዚቃ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት፣ አራት ሰው ብቻ ያለበት ካፌ፣ የድጋሚ ጨዋታ እየታየ፣ ስፒከሩ ሌላ ዘፈን ይለቃል። ማን ፈልጎት ነው? ይህን ድምፅ ማንም አልመረጠውም፣ ጆሮ ግን ይከፍልበታል። በተለይ የምናውቀው ቋንቋ ግጥም ያለበት ዘፈን ከወሬያችን ጋር ይሻማል፤ አንጎላችን ሳንፈልግ ቃሉን ስለሚከተል። ስክሪኑም እንዲሁ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ዓይን ይስባል። ጓደኛችሁ ከባድ ነገር እየነገራችሁ ዓይናችሁ ከጭንቅላቱ በላይ ኳስ ሲከተል ስንት ጊዜ ያዛችሁት?

🔹 ምን እናድርግ? (ይህን ክፍል ሴቭ አድርጉት)

1️⃣ በክንድ ርቀት ሞክሩ። አንድ ሜትር ያህል ርቆ ለተቀመጠ ሰው ለመሰማት መጮህ ካስፈለጋችሁ ቤቱ 85 ዴሲቤል አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። መሣሪያ አያስፈልገውም።

2️⃣ በስልካችሁ ለኩ። ድምፅ የሚለኩ ነፃ አፖች አሉ። የስልክ ልኬት ፍጹም ትክክል አይደለም፣ ግን 70 እና 90ን ለመለየት ይበቃል።

3️⃣ ቦታ ምረጡ። ከስፒከር፣ ከቴሌቪዥንና ከባንኮኒው የራቀ ጥግ ያዙ። መስማት የሚቸገረው ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የሁላችሁም ፊት በሚታየው ቦታ ይቀመጥ። ብርሃን ይኑር፤ ሳናውቀው ሁላችንም ከንፈር እናነባለን።

4️⃣ ሰዓት ምረጡ። ለማውራት ከሆነ ቀጠሮውን ከጨዋታ ሰዓት በፊት አድርጉት። ለጨዋታ ከሆነ ለጨዋታ ሂዱ፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

5️⃣ ጆሯችሁን አሳርፉ። በእረፍት ሰዓት ወደ ውጭ ውጡ። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን እዩ። በማግስቱ ኢርፎን ተዉት።

6️⃣ የጆሮ መሰኪያ ያዙ። ስፖንጅ መሰሉ ርካሽ ነው፣ በደንብ ከገባ ይሠራል። ጥጥና ሶፍት ግን አይከላከሉም፤ አትታለሉ።

7️⃣ ጠይቁ! ብዙዎቻችን እናፍራለን። «የኔ ወንድም፣ አባታችን አብረውን አሉ፣ ወሬ አይሰማቸውም፤ ይቺን ስፒከር ትንሽ ዝቅ ታደርግልን?» ብትሉት አብዛኛው አስተናጋጅ ደስ ብሎት ያደርገዋል።

8️⃣ መስማት ለሚቸገር ሰው ጆሮው ላይ አትጩሁ። መጀመሪያ ስሙን ጥሩት፣ ፊቱን እያያችሁ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ካልገባው ያንኑ ቃል አትድገሙለት፤ በሌላ አባባል ንገሩት። «ተወው፣ ምንም አይደለም» ግን በጭራሽ አትበሉት። ይህ ቃል ያቆስላል።

🔹 ለቤት ባለቤቶችና ለሠራተኞች

ደንበኛ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል። አስተናጋጇ ግን በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ እዚያው ናት። ቤቱ 90 ዴሲቤል ከሆነ የሳምንት ድርሻዋን የመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጨርሳለች። ዲጄው፣ ባንኮኒ ያለው ልጅ፣ በር ላይ የሚቆመው ሁሉም እንዲሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቤቶች ባወጣው መመሪያ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ፣ ድምፁ እየተለካ እንዲሠራ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ፀጥ ያለ ቦታ እንዲኖር፣ የጆሮ መከላከያም እንዲቀርብ ይመክራል። በአገራችንም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ደረጃ ከሚወጣላቸው ነገሮች መሃል አስቀምጦታል።

ብዙ ወጪም አይጠይቅም። ስፒከሩን ከጠረጴዛ ላይ አንሱት፣ መጋረጃ ስቀሉ፣ ማንም የማያየውን ቴሌቪዥን ድምፁን አጥፉት። አንዷን ክፍል «የወሬ ክፍል» አድርጓት። ሠራተኞችን ከስፒከር አጠገብ በተራ አቀያይሯቸው።

🔹 መቼ ሐኪም ጋ እንሂድ?

⚠️ አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ፦ ይሄ ድንገተኛ ነው፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው።
⚠️ የጆሮ ጩኸቱ በሁለት ቀን ካልጠፋ፣ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ
⚠️ ከጆሮ ፈሳሽ ወይም ደም ከወጣ፣ ማዞር ካለ
⚠️ የድምፅ መዘጋት ከ3 ሳምንት ካለፈ
⚠️ ቤተሰብ «ቴሌቪዥኑን በጣም ታስጮኸዋለህ» ማለት ከጀመረ

እባካችሁ ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ ጤና አዳም፣ ክብሪት እንጨት ወይም ቁልፍ አታስገቡ። የታምቡር መበሳት ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። አንዳንዴ ችግሩ የደረቀ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሐኪም በደቂቃዎች ያወጣዋል። የመስማት ምርመራውም አያምም፤ ድምፅ ሲሰማችሁ ቁልፍ መጫን ነው።

🔹 የጓደኛዬ ነገር

ተመረመረ። ቀጭን ድምፆችን የሚሰማው ክፍል በሁለቱም ጆሮው ተጎድቷል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል። የማዳመጫ መሣሪያ ታዘዘለት፣ እየለመደው ነው። መሣሪያውም ቢሆን ጩኸት ቤት ውስጥ ተአምር አይሠራም።

ትልቁ መድኃኒት ከእኛ ነበር የሚጠበቀው። ቤት ቀየርን። አሁን የምንገናኘው ግቢዋ ውስጥ ዛፍ ያላት፣ ቴሌቪዥን የሌላት፣ ሬዲዮኗም በስሱ የምትሰማ ቤት ነው። ኳስ ያማረው ጨዋታውን ሌላ ቦታ አይቶ ይመጣል። ጥግ ላይ ያለችው ወንበር የእሱ ናት። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ቀልድ ነገረን፤ ሁላችንም ሳቅን። እሱ እኩል ሳቀ፣ ሳይዘገይ።

ከእናንተ መሃል እንዲህ ቀስ ብሎ የጠፋ ሰው አለ? ተቀይሟል ከማለታችሁ በፊት ፀጥ ያለ ቦታ ጥሩትና ጠይቁት።

ፀጥ ያለ፣ ለወሬ የሚመች ቤት የምታውቁ በኮሜንት ጠቁሙን፤ ለሌላውም ይጠቅማል። ጽሑፉን ለዚያ ዝም ላለው ጓደኛችሁ፣ ለምትወዱት ግሮሰሪ ባለቤትም ሼር አድርጉላቸው።